ገመድ ይዘን ሰላም ስንባባል

በዚያ ቅዳሜ ጂንካ ባለው ግቢያችን ውስጥ እነማን እንደነበርን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በኋላ ማን የቱን ይዞ ነበር የሚል ክርክር ስለሚነሳ፣ ከአሁኑ ብትተዋወቁን ይሻላል። ባለቤቴ ግርማ ነበር፤ የመኪናዋ ጌታ እሱ ነው፣ አንዳንድ ቀን ግን እሷ የሱ ጌታ ትመስለኛለች። የመጨረሻ ልጃችን ምህረት ነበረች፤ በአስተማሪነት ተመርቃ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ያለችው ካንጋተን የደረሳት። ጎረቤቴ በላይነሽ ነበረች፤ እሷ በሌለችበት ግቢያችን ውስጥ አንድም ነገር ሆኖ አያውቅም። ከጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየው መምህር ይበልጣል ነበር፤ የጎጃም ሰው ነው፣ ኮሌጅ ያስተምራል፣ የቅዳሜ ትምህርቱን ጨርሶ ጠመኔው ከእጁ ሳይራገፍ ነበር የመጣው። ከበና አገር ማር የሚያመጣልን ዋሌ ነበር፤ ማሩን አስረክቦ ሊሄድ ሲል ያዝነው። መካኒኩ ታደለ ነበር። እኔም ነበርኩ። አባባ ማሞ መጀመሪያ አልነበሩም። ነገሩ የተበላሸው እሳቸው ሲመጡ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእሳቸው አይደለም። የማናችንም አይደለም። የአስተዳደጋችን ነው።

መኪናዋ የአሜሪካ ሥሪት ፒክአፕ ናት፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ድሮ ሰማያዊ የነበረች። እዚህ አካባቢ የኖሩ ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለአንድ ነጋዴ ሰጥተዋት ሄዱ፤ ነጋዴው ደግሞ ለባለቤቴ ሸጠለት። ፈረንጆቹም ነጋዴውም ሲለዩዋት ፊታቸው ላይ ለምን ሐዘን እንዳልታየ የጠየቀ የለም። ሰፈርተኛው «አሜሪካ» ይላታል። ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «አሜሪካ ዛሬ ተነሳች?» ይሉኛል፤ እኔም እንደ አስታማሚ «ትንሽ አስሏት ነው ያደረው፣ አሁን ግን ደህና ናት» እላለሁ።

በሽታዋ ዲስትሪቢውተሩ ላይ ነበር። ሞተሯን የሚለኩሱ ስድስት ካንዴላዎች አሏት፤ ለስድስቱም እሳት በየተራ የሚያድለው ዕቃ ዲስትሪቢውተር ይባላል። ባለቤቴ ሲያስረዳኝ፣ «አንቺ ስድስት ልጅ አስቀምጠሽ በጭልፋ በየተራ ወጥ እንደምታወጪላቸው ማለት ነው» አለኝ። ወዲያው ገባኝ። የኛ ዲስትሪቢውተር ግን ከማርጀቱ የተነሳ ለአንዱ ሁለት ጊዜ ያወጣል፣ ሌላውን ይረሳል። የተረሳው ያኮርፋል፤ መኪናዋም መንገድ ላይ ትቆማለች። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ውስጡ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የብረት ጥርሶች እርጥበት ይይዛቸዋል። ባለቤቴ ክዳኑን ከፍቶ በፎጣዬ ያደርቃቸዋል። በጥሩው ፎጣዬ። በአሮጌ ጨርቅ አድርቅ ስለው «አሮጌ ጨርቅ ክር ይለቃል» ይለኛል። ጂንካ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበትን ሳምንት ለምኖ ማግኘት ነው። እንግዳ ሲመጣብኝ እጁን የሚያደርቅበት አጥቼ፣ የመኪናዋ ጥርስ ግን ደርቆ ያድራል።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ልጆቼ «ፈሪ» ይሉኛል፤ የተሳሳቱት ግን እነሱ ናቸው፤ ፈሪ ሰው ይተኛል፣ እኔ አልተኛም። ከሰሉን አጥፍቼ ውሃ አፈስበታለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ ውሃው መጥፋቱን አያለሁ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የቀረውን በመጨነቅ ጨርሼዋለሁ። ስለዚህ ምህረት ካንጋተን ደረሰኝ ስትለኝ፣ ሌላው ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲለኝ፣ እኔ የማስበው ሙቀቱን፣ ትንኙን፣ ውሃውን፣ የበሩን መቀርቀሪያ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን መንገዱን። ሰኞ ተገኝታ ሪፖርት ካላደረገች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ተብሏል። እሷ «በጭነት መኪና እሄዳለሁ፣ ጓደኞቼም እንደዚያ ነው የሄዱት» አለች። ልጄ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ገመድ ጨብጣ፣ ያንን ሁሉ አገር! «በእጄ ወስጄ፣ ክፍሏን ጠርጌ፣ አልጋዋን አንጥፌ ካልሆነ ንቅንቅ አትልም» አልኩ። ባለቤቴ ቀና ብሎ «በአሜሪካ እንወስዳታለን» አለ። ከጆንያው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

«ቱርሚን አልፈን በረሃው ላይ ብትቆምብንስ?»

«አትቆምም። አዲስ ዲስትሪቢውተር አስመጥቼላታለሁ።»

ለካ የወንድሙን ልጅ አዲስ አበባ ድረስ አስቸግሮ፣ ከውጭ አገር አስመጥቶ፣ በአውቶቡስ አስልኮ፣ አልጋ ሥር ደብቆታል። ካርቶኑን ሲከፍተው የመጀመሪያ ልጃችንን ከሆስፒታል ያመጣን ዕለት መጠቅለያዋን እንዲህ ተጠንቅቆ አልከፈተም። ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ውስጡ ጥርስ የለውም፣ የሚደርቅም ነገር የለውም። ፎጣዬን አሰብኩና ትንሽ ደስ አለኝ። ቀጥዬ ደግሞ፣ ጥርስ የሌለው ነገር ምን ያኝካል ብዬ መጨነቅ ጀመርኩ።

አሮጌ መኪና የሚያውቁት የከተማችን መካኒክ አርባ ምንጭ ልጃቸው ጋ ሄደው ነበር። የተገኘው ታደለ ነው። ታደለ የጎፋ ልጅ ነው፤ መዝሙር እየዘመረ የሚሠራ፣ እጁ ፈጣን፣ ሞተር ሳይክል የሚጠግን።

«ታዴ፣ መኪና ታውቃለህ ወይ?» አልኩት።

«እማማ፣ ሞተር ሞተር ነው። ያ አንድ ካንዴላ አለው፣ ይሄ ስድስት አለው። ስድስት ሞተር ሳይክል ጎን ለጎን አድርገው ያስቡት።»

አሰብኩት። ስድስት ሞተር ሳይክል ጎን ለጎን ሆነው በጂንካ መንገድ ሲመጡ ታዩኝ።

ኮፈኑ ተከፈተ። መምህር ይበልጣል እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሞተሩን ሲመለከት ቆየና «ምንም ከመነካቱ በፊት ፎቶ ይነሳ። ፕሮሲጀሩ እንደዚያ ነው። የቱ ገመድ የት እንደገባ መረጃ ይኖረናል» አለ። ሁላችንም በጣም ተስማማን። ምህረት ስልኳን አወጣች። በላይነሽ «ቆይ ቆይ» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ባለቤቴ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ። ዋሌን «ና፣ አንተም ግባ እንጂ» ብለን ሳብነው። ምህረትም እሷ እንዳትቀር እጇን ዘርግታ፣ እየሳቀች አነሳችን። ደግመን ተነሳን፤ መጀመሪያው ላይ በላይነሽ ዓይኗን ጨፍና ነበርና።

ከዚያ ታደለ የአሮጌውን ዲስትሪቢውተር ክዳን ሊያነሳ ካቻቢቴውን ሲያስጠጋ፣ ክዳኑ ከእርጅናው የተነሳ እጁ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ስድስቱ የካንዴላ ገመዶች ተንጠለጠሉ። «ያዙ! ያዙልኝ! ተራው እንዳይጠፋ!» ብሎ ጮኸ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁበት። ልጆቼ ትንንሽ እያሉ የቅዳሜ ገበያ ስወስዳቸው፣ የነጠላዬን ጫፍ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ይይዙ ነበር፤ ታላቋ ከፊት፣ ታናሿ ከኋላ። አንድም ልጅ ጠፍቶብኝ አያውቅም። «እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ገመድ ይያዝ» አልኩ። «የያዘውን ማንም እንዳይለቅ! በቆምንበት ተራ እንመልሰዋለን።» ታደለ ከክዳኑ ስባሪ አንድ በአንድ እየነቀለ በተራ አስያዘን። ከማንጎው ዛፍ በኩል ጀምሮ ወደ ግቢው በር፣ መምህር ይበልጣል፣ ምህረት፣ እኔ፣ በላይነሽ፣ ባለቤቴ፣ ዋሌ። መምህሩ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ለበላይነሽ በርጩማ መጣላት፤ ሌሎቻችን አንገታችንን ኮፈኑ ሥር አስገብተን ቆምን።

ክዳኑ ሲነሳ መሃል ላይ የምትዞር አንዲት ጣት መሳይ ነገር አለች። «የምታመለክትበትን ያዙልኝ፣ አዲሱም እዚያው ማመልከት አለበት» አለ ታደለ።

«ማንጎው» አልን በአንድ ድምፅ።

«ማንጎው ላይ ያለው ወፍ» አለ ዋሌ። ከኛ የበለጠ አነጣጥሮ ነበር፤ ወፏ ግን በረረች።

ታደለ እየዘመረ አሮጌውን አወጣ። እኛ ገመዳችንን ይዘን ጠበቅን። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሰላም ያለበት ሥራ አላየሁም። በላይነሽ «ይሄ ነገር ኤሌክትሪክ የለውም አይደል?» አለች።

«ባትሪው ተነቅሏል» አለ ባለቤቴ።

«ለምን ታዲያ እጄን ውርር አደረገኝ?»

«ዝም ስላልሽ ነው፤ አልለመደብሽም» አላት መምህር ይበልጣል።

ዋሌ ፀሐይዋን አይቶ «እኔ እስከ መቼ ነው የምይዘው? ፍየሌ ገበያ ላይ ታስራ ናት» አለ።

«ትንሽ ነው የቀረው፣ ወንድሜ። ፍየልህም ትንሽ ትረፍ» አለው ታደለ። አዲሱን ከጉድጓዱ አስገባ፤ ጣቷን ወደ ማንጎው አዞረ፤ አዲሱን ክዳን ገጠመ። «ጨረስኩ፣ አሁን በተራ ስጡኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ። በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች! አላችሁ?»

አባባ ማሞ ናቸው። አባባ ማሞ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ የአሪ ሽማግሌ፣ የእኔንና የግርማን ጋብቻ የተነጋገሩ፣ ከዚያም ወዲህ ስንጣላ ያስታረቁን። ምህረትን ሊመርቁልን ነው የመጡት። ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ብድግ አለ። እሳቸውም ከሩቅ «ተዉ፣ ተዉ! ሥራ ላይ ናችሁ፣ በሞቴ አትነሱ!» አሉ።

«ኧረ አባባ! እንዴት ተደርጎ!»

ለአባባ ማሞ አንድ እጅ አይሰጥም። ቀኙ ይዘረጋል፣ ግራው ክርኑን ይደግፋል፣ ወገብ ጎንበስ ይላል፣ ትከሻ ይሳማል። በአፍ ብቻ «ደህና ዋሉ» ብሎ መቆም ከእናት ጡት ያልጠባ ሰው ሥራ ነው። ገመድ ይዞ ደግሞ ይሄ ሁሉ አይሆንም። መጀመሪያ የደረሱት መምህር ይበልጣል ዘንድ ነው። መምህሩ ገመዱን ወደ ምህረት አቀበለና «አንዴ ያዢልኝ» ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ቀጥሎ ምህረት ጋ ደረሱ፤ ሁለቱን ለእኔ ሰጠችኝና ጉልበት ሳመች። እኔ ሦስቱን ለበላይነሽ አስጨብጬ ሳምኳቸው፤ እንዴት ነዎት፣ ጤናዎትስ፣ ከብቶቹስ፣ ወገብዎስ ተሻለዎት። በላይነሽ አራቱን ለባለቤቴ። ባለቤቴ አምስቱን እንደ ሸንኮራ አቅፎ ዙሪያውን ተመለከተና ዋሌ ግራ እጅ ላይ ጣላቸው። ዋሌ በቀኙ የራሱን፣ በግራው የኛን አምስት ይዞ በራሱ ብቻ እጅ ነሳ። አባባ ማሞም ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ወደ ተዘጋጀላቸው ወንበር ሄዱ።

«የማን ነው? የማን ነው?» እያለ ዋሌ አምስቱን ገመድ ወደፊት ዘረጋ።

«የኔ ይሄ ነው» አለ መምህሩ ያለ አንዳች ጥርጥር። «ይሄ የኔ ነው» አለች ምህረት። እኔም የኔን አነሳሁ። እርግጠኛ ነበርኩ። ሁላችንም እርግጠኛ ነበርን። ስድስቱም ገመድ ጥቁር መሆኑን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ታደለ በተራ ተቀብሎ አዲሱ ክዳን ላይ ሰካቸው። ባትሪው ተገናኘ። ባለቤቴ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ አባባ ማሞ ከወንበራቸው እጃቸውን ዘርግተው ባረኩ፤ ቁልፉ ዞረ።

አሜሪካ አጉተመተመች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ጭስ ከምታወጣበት ከማርሚታዋ በኩል «ዷ!» አለች።

ዶሮዎቼ አጥሩን ዘለው ሄዱ። መምህር ይበልጣል ከማንጎው ዛፍ ኋላ ተገኘ፤ ሲሄድ ያየው ሰው የለም። እኔ ምህረትን ጎትቼ ጠረጴዛ ሥር ከትቻት እላይዋ ላይ ተኝቻለሁ፤ «እማዬ፣ ታፈንኩ» ትላለች። በላይነሽ መሬት ላይ ልጥፍ ብላ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ማነው የሞተው?» ብላ ጠየቀች። ማዶ ካለው መሥሪያ ቤት ጥበቃው ዱላውን ይዞ እየሮጠ ገባ።

«ምንድን ነው? ማነው የተኮሰው?»

«አሜሪካ ናት» አለችው በላይነሽ ከመሬት።

ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። መኪናዋን እስክናሳየው ድረስ ውሃ ማጠጣት ነበረብን። አባባ ማሞ ብቻ ከወንበራቸው አልተነሱም። የጉልበታቸውን አቧራ አራገፉና «ግርማ፣ እኔ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ብመጣ ትተኩስብኛለህ?» አሉት።

«ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ…» አለ ባለቤቴ፤ ላብ አጥምቆታል።

ታደለ ኮፈኑ ሥር ገብቶ ወጣ። መዝሙሩን አቁሟል። «ተራው ተዛብቷል። እሳቱ እዚህ ሲጠበቅ እዚያ ይሄዳል። ገመድ የተለዋወጣችሁ ሰዎች አላችሁ።»

«እኔ አልተለዋወጥኩም!» አለች በላይነሽ።

«እኔ በእጄ የነበረውን ነው የሰጠሁት» አለ መምህሩ።

ዋሌ መሳቅ ጀመረ። የሱ ሳቅ ደግሞ ከጀመረ ቶሎ አያልቅም። «እናንተ ብዙ ሰላም ትላላችሁ! እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ፣ ላሙ እንዴት ነው፣ ወገቡ እንዴት ነው። እኔ የኔን አልለቀቅኩም። የኔ ይሄ ነው።» ክዳኑ ላይ ያለውን አንዱን ገመድ በጣቱ ነካ።

ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠልን። አባባ ማሞም ገባቸውና «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ፤ «ኧረ አባባ! ምን በወጣዎት!» ብለን ሁላችንም እንደገና ብድግ አልን፤ ታደለ «እባካችሁ አትነሱ!» ብሎ ለመነን።

«ችግር የለም፣ ፎቶ አለን። ሲስተማቲክ እንሁን» አለ መምህር ይበልጣል። ምህረት ስልኳን ከፈተች፤ ሁላችንም ተደፋንበት። ፎቶው ግሩም ነበር። የበላይነሽ ነጠላ ጥለቱ ሳይቀር ይታያል። የባለቤቴ ቁልፍ ተቆልፏል። የሁላችንም ጥርስ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ሞተሩ ግን ከኋላችን ነው፤ በበላይነሽ ትከሻና በመምህሩ ጆሮ መሃል አንዲት ጥቁር ነገር ትታያለች፤ እሷም የኮፈኑ ማጠፊያ ናት። ሁለተኛውን ፎቶ አየነው። በላይነሽ ዓይኗን ገልጣለች። ሌላ ለውጥ የለም።

ታደለ አቀያይሮ ሊሞክር ጀመረ። አንዱን ከአንዱ ጋር ሲለውጥ አሜሪካ ታስላለች፤ ሌላውን ሲለውጥ ታስነጥሳለች። በያንዳንዱ ሙከራ በላይነሽ አስቀድማ መሬት ላይ ትተኛ ጀመር። ባትሪው እየደከመ ሄደ። ባለቤቴ ክብ ሠርቶ በመኪናዋ ዙሪያ ይሄዳል፤ እንዲህ ሲያደርግ ልቡ እንደተሰበረ አውቃለሁ። ሰኞ እዚያ ለመገኘት እሁድ በማለዳ መነሳት ነበረብን፤ ፀሐይዋም አዘቅዝቃለች።

ምህረት ወደኔ ጠጋ አለችና ቀስ ብላ «እማዬ፣ የጭነት መኪናው ሹፌር ዛሬ ነው የሚነሳው። ቦታ ይያዝልኝ ልደውልለት? ለአባዬ ግን ሳይከፋው ነው መንገር ያለብን» አለችኝ። ስታባብለኝ ነበር። እኔ ነበርኩ እሷን የማባብል፤ መቼ እንደተቀያየርን አላውቅም። «ቆይ» አልኳት፤ ለምን «ቆይ» እንዳልኳት ግን አላወቅኩም። መልስ ያለው ሰው ለመምሰል ብቻ ወደ ሞተሩ ሄጄ ገመዶቹ ላይ ጎንበስ አልኩ።

ሽንኩርት ሸተተኝ።

እንደገና አሸተትኩ። ሽንኩርት ነው። ጠጋ ብዬ ሌላውን አሸተትኩ፤ ማር ነው፣ የበና ማር፣ ጭሱ ሳይቀር። እኔ የስድስት ልጆች ልብስ ያጠብኩ ሴት ነኝ፤ ካልሲ አንስቼ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዓይን አያስፈልገኝም። «ዝም በሉ!» አልኩ። «ታዴ፣ ሁሉንም ከክዳኑ ንቀልልኝ።»

«እማማ፣ ቤንዚን እኮ ነው የሚሸተው።»

«ቤንዚኑን ለአንተ ተውኩልህ። ሌላውን ለእኔ ተወው።»

የቆምንበትን ተራ የረሳ ሰው አልነበረም፤ ማን ማንን እንደረገጠ ይታወቃል። የቀረው የማን ገመድ የቱ እንደሆነ ነው። አንድ በአንድ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤ ብንቀባበላቸውም የጠለቀው ረጅም ጊዜ የጨበጠው ሰው ሽታ ነው። ነጭ ዱቄት ያለበት የመምህሩ ነው፣ ጠመኔ። «አስነጠሰኝ፤ እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። የምህረት የእጅ ቅባቷን ሸተተኝ፤ ያን ቅባት ከሺህ ገመድ መሃል አገኘዋለሁ። ባለቤቴ ሲጋራ ካቆመ ወዲህ የሜንታ ከረሜላ ከኪሱ አይለይም፤ የሱ ገመድ ሜንታ ሜንታ ይላል። የዋሌ ማር ነው፤ ራሱም መጥቶ አሽትቶ «እኔ ነግሬያችኋለሁ» አለ። አባባ ማሞ ከወንበራቸው ተነስተው መጥተው ያያሉ። ጥበቃውም አልሄደም።

የቀሩት ሁለት፣ የኔና የበላይነሽ። ሁለቱም ሽንኩርት። ከጠዋት ጀምሮ ለምህረት ስንቅ የሚሆን ድልህ ልናዘጋጅ አብረን ስንከትፍ ነበር፤ አንድ መክተፊያ፣ አንድ ቢላዋ፣ አንድ እንባ።

«የኔ የበለጠ ይሸታል፤ ብዙውን የከተፍኩት እኔ ነኝ» አለች በላይነሽ።

«አንቺ? ልጣጩን ስትለቅሚ የዋልሽው?»

«ምህረት ትመስክር!»

«እኔ አልመሰክርም» አለች ምህረት፤ ብልህ ናት።

ታደለ መካከላችን ገባና አራቱን በየቦታቸው ሰክቶ፣ ሁለቱን ሽንኩርት በመሰለው አስገባቸው። ባለቤቴ ቁልፉን አዞረ። ባትሪው አቃሰተ፤ አሜሪካ ተነሳች! ተነሳች ግን ወባ እንደያዘው ሰው ትርገፈገፋለች፣ መብራቷ ይንቀጠቀጣል፣ በሯም ይማታል።

«ሽንኩርቱን አቀያይረው!» ብዬ ጮኽኩ።

አጠፋ። አቀያየረ። ቁልፉ እንደገና ዞረ። እኔ ጆሮዬን ይዤ፣ በላይነሽ መሬት ላይ ሆና፣ መምህሩ ማንጎው ጋ ሆኖ ጠበቅን። ምንም አልሰማንም። «ጠፋች እንዴ?» አለች በላይነሽ ቀና ብላ። አልጠፋችም። እየሠራች ነው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሷ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው ያልለየነው፤ ዝቅ ያለ፣ ያልተቆራረጠ፣ ልጅ የሚያስተኛ ሰው ማንጎራጎር ይመስላል። ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል አየኝ። ለብዙ ዓመት በትዳር ስኖር ብዙ ነገር ሰጥቶኛል፤ እንዲህ አድርጎ ግን አይቶኝ አያውቅም።

አባባ ማሞ ምህረትን አጠገባቸው አቁመው፣ መጀመሪያ በአሪኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ መረቋት። «የሄድሽበት አገር ያሳድግሽ፤ የምታስተምሪያቸው ይስሙሽ፤ እናትሽም ትተኛ» አሉ። የመጨረሻውን ሲሉ ሁሉም «አሜን» ያለው ጮክ ብሎ ነው። ሲሄዱ ታደለ ገና የገመዶቹን ጫፍ እያጠበቀ ነበርና፣ ከበሩ ላይ ሆነው እጃቸውን እያውለበለቡ «አልመጣም፣ አልመጣም፣ ሥራችሁን ሥሩ!» አሉን። ዋሌም ወደ ፍየሉ ሮጠ።

እሁድ በማለዳ ተነሳን። ፍራሽ፣ ሁለት አጎበር፣ የከሰል ምድጃ፣ ድልህ፣ ማር፣ በሶ፣ የውሃ ጀሪካን፣ አዲስ መቀርቀሪያ ከነመዶሻው ጫንን። ቀይ አፈር ላይ «አሁን ትቆማለች» አልኩ፤ አልቆመችም። ዲመካ ላይ «አሁን» አልኩ፤ አልቆመችም። ቱርሚን ካለፍን በኋላ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አሸዋ፣ ባለቤቴ መዝፈን ጀመረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ብትቆም፣ ከልጄ ጋር ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን አንድ ብርጭቆ ሻይ ብንጠጣ አልጠላም ነበር። እሷ ግን ኦሞን ተሻግራ ካንጋተን ከተማ ውስጥ እስክትገባ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳን አላሳለችም።

ክፍሏን ጠረግኩ። መቀርቀሪያውን ባለቤቴ መታ፤ እኔ ከውጭ ሆኜ ገፋሁት፣ ደግሜ ገፋሁት። አጎበሩን ሰቀልኩ። ምህረት በማግስቱ ጠዋት ሪፖርት አደረገች፤ ወጥታ «ተቀበሉኝ» ስትለኝ ፊቷ የበራ ነበር። ወደ ልጆቹ ስትሄድ ከኋላዋ አየኋት፤ ዞር አላለችም፤ ደግ አደረገች። ባለቤቴ መኪናዋን አስነሳ፤ በአንድ ጊዜ ተነሳች። በመንገዱ ሁሉ አልተጨነቅኩም ብል ትታዘቡኛላችሁ፤ ግን ማልቀሱንም ረስቼው፣ ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ እየሰማሁ ጂንካ ድረስ ተኛሁ። ባለቤቴ «ስታንኮራፊ ነበር» አለኝ፤ አላመንኩትም፤ እሱ ሞተር ብቻ ነው የሚሰማው።

ከዚያ ወዲህ ኔትወርኩ አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ አይኖርም። ሲኖርም «ደህና ነኝ እማዬ፣ እየበላሁ ነው» ብላ ይቆረጣል፤ ልጅ ደግሞ ለእናቱ ሌላ ነገር አይናገርም። ስለዚህ ካንጋተን የምትኖሩ፣ ወይም በሥራ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ምህረት የምትባል አዲስ አስተማሪ፣ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ካያችሁ፣ እንዴት እንደሆነች እባካችሁ ንገሩኝ።